አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ

የእድር ድንኳን የራሱ ሽታ አለው። የሚያውቀው በሥሩ ተቀምጦ ያለቀሰ ሰው ነው። አቧራ፣ የማገዶ ጢስ፣ አይጥ፣ አንድ ክረምት ሳይደርቅ የታጠፈ ዝናብ፣ በዚያ ላይ የስንቱ ሰው ትንፋሽ። ነገሌ ላይ ዝናብ ብርቅ ነውና ያንን አንድ ዝናብ ሸራው እስካሁን አልረሳውም። ባለፈው እሑድ እድራችን አዲስ ድንኳን ገዝቶ አሮጌው ከዕቃ ቤት ተጎትቶ ሲወጣ ሽታው ሳላስበው መጣብኝ፤ ሰው ሰላም ማለቱን ትቼ ሄጄ ጫፉን አነሳሁ። አዲሱ ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ሽታው የላስቲክ ነው፤ የሠርግ ይመስላል። አሮጌው ከጦር ካምፑ የወጣ አረንጓዴ ሸራ ነው፤ አሁን ግን አረንጓዴ ነበር ብሎ የሚምልለት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በግራ በኩል ዝቅ ብሎ መዳፍ የሚያህል ልጥፍ አለበት። በቀይ ክር የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድም ያልሳተ። ጣቴን ባሳልፍበት ክሩ አሁንም ጠንካራ ነው። ዙሪያው ያለው ሸራ ሳስቶ እሱ ቀርቷል።

ጸሐፊያችን ዲራሙ ከድንኳኑ ጋር አዲስ መዝገብም ገዝታለች። ዲራሙ ወተት ስታመጣልን የኖረችው የአዴ ጡሜ የልጅ ልጅ ናት፤ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት።

«አካም ቡልተን፣ እናቶች፣ አባቶች» አለች መነጽሯን እያስተካከለች። «ዛሬ የድሮውን መዝገብ ወደ አዲሱ እንገለብጣለን። ስም እጠራለሁ፤ ያለ ሰው ‹አለሁ› ይበል። የሞተ ይሰረዛል። የት እንዳለ የማይታወቅም ይሰረዛል።»

«የማይታወቅ ለምን ይሰረዛል?» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

«እማማ አስካለ፣ ገና አልጀመርኩም እኮ!»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በድሮው መዝገብ ላይ ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው የለተኪዳን ስም ነው፤ የተመዘገብነው በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ነው። ያንን ልጥፍ የሰፋችው እሷ ናት። የት እንዳለች ደግሞ አይታወቅም። እኛ ጋ እስኪደረስ ብዙ ስም ስለነበረ ሸራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

እኔ የሰላሌ ልጅ ነኝ። ነገሌ የመጣሁት ባሌን ሃምሳ አለቃ ደምሴን ተከትዬ ነው። ያኔ በካምፑ ዙሪያ የማይነገር ቋንቋ አልነበረም፤ አንዷ የወታደር ሚስት ከጎጃም፣ አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከሐረርጌ። ውኃ ቦቴው ዘንድ ስንሰለፍ ሁላችንም በተሰባበረ ኦሮምኛ እንሰዳደብ ነበር። አዴ ጡሜ ወተቷን በጣሳ በሃምሳ ሳንቲም ትሰጠን ነበር፤ ጣሳው ላይ አረፋው ተከምሮ ሲሞላ «ይሄ አረፋ ነው፤ ጨምሪ» እላታለሁ፣ «አረፋውም የላሜ ነው» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻኪሶ ወርቅ ቆፋሪዎች ይመጣሉ፤ ጥፍራቸው ሥር ጭቃ እያለ ተትረን ሱሪ በካውያ አስተኩሰው፣ ጸጉራቸውን ቅባት ቀብተው። ከሜጋ በኩል በሚመጡት መኪኖች የኬንያ ሳሙና ይገባል፤ ሮዝ ነው፣ ሽታው ከቤት ሳይጠፋ ሳምንት ይቆያል። ሁሉም የሚያበቃው ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው። ጋሽ ሸምሱ ጉራጌ ናቸው፤ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ቴፕ ሰቅለው ከጧት እስከ ማታ ያዘፍኑታል፤ ካሴቱ ሲጠላለፍባቸው በእስክሪብቶ እየጠቀለሉ «ዘፋኙ ትንሽ ደክሞታል፣ ይረፍ» ይላሉ። የለተኪዳንም የስፌት መኪና እዚያው በረንዳ ላይ ነበር።

ለተኪዳን ከኤርትራ ናት። ባሏ የመንገድ ሥራ መካኒክ ነበር፤ ሜጋ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። እሷ አገሬ እገባለሁ ሳትል እዚሁ ቀረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን በትናንሹ ተሠርታ ወደ ኋላ የምትለቀው፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ሴት ነበረች። የመኮንኑን ማዕረግ የምትሰፋው እሷ፣ የእኛን ቀሚስ የምትሰፋው እሷ። አንድ ልጅ አላት፣ ክፍሎም ይባላል። «እናቴ ዘንድ ሆኖ ይማራል» ትለን ነበር። ስንት ዓመት ይማራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ደምሴ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ሲቀርና ወረቀቱ ሲመጣልኝ መጀመሪያ መሬት ላይ አብራኝ የተቀመጠችው ለተኪዳን ናት። የሐዘን ቀሚሴን ሳትለካኝ ሰፍታ አመጣችው፤ ልክክ አለ። የደምሴን የጡረታ ወረቀት ለማስፈጸም ሩቅ አገር ስሄድም ሥራዋን ዘግታ፣ አውቶቡስ የሚያስታውካት ሴት፣ በፌስታል እያስታወከች አብራኝ ሄደች።

ከዚያ መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ ጠብመንጃውን እየጣለ ሄደ፤ ወደ ኬንያ የሄደ አለ፣ በእግሩ ወደ አገሩ የገባ አለ። እኛ የካምፕ ሴቶች በሁለት በሁለት ድስት ከግቢው ወጣን። ሰው የሞላበት ሰፈር ዝም ሲል ያስፈራል። ጋሽ ሸምሱም ካሴት ቀየሩ፤ የትኛውን እንደሚያስቀምጡ ግራ ስለገባቸው ለጥቂት ቀን ጭራሽ ዘጉት። ያንን አረንጓዴ ድንኳን ከካምፑ አጥር ሥር ተጥሎ ያገኘነው ያኔ ነው። አምስት ሴቶች ሆነን ተሸከምነው። ባሎቻችንን ያልቀበርንበት ቢያንስ ሌላውን እንቅበርበት ብለን እድሩን መሠረትን፤ ጋሽ ሸምሱ ዳኛ ሆኑ፣ ሕጉን በእጃቸው ጻፉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። ቁልፉን የሰጡኝ፣ ሰው ሳይፈቀድለት አንድ ማንኪያ እንደማይወስድብኝ ስለሚያውቁ ነው።

በዓመቱ ይመስለኛል፣ ለተኪዳን ቀሚስ ልትለካኝ ጎንበስ ስትል ከአበባ ቀሚሷ ሥር ጥቁር ጨርቅ አየሁ። ሙቀቱ ጭንቅላት የሚበሳ ነበር። በዚያ ሙቀት ሁለት ቀሚስ የሚለብስ የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል። ክንድሽን አንሺ።»

«ለተ! ማን ሞተብሽ?»

ሜትሩን በአንገቷ ጣለችው። «ክፍሎም» አለች። «ሜዳ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ነው የሞተው፤ አሁን ነው የነገሩኝ።» ሜዳ ማለት እነሱ ዘንድ ትግሉ ነው፣ ጫካው፤ ደምሴ የሞተበት ተራራ ወዲያኛው ፊት። እንግዲህ ልጇ ያን ሁሉ ዓመት የሚማረው እዚያ ነበር። እሷም ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ስሟ፣ በዚህ አነጋገሯ፣ በወታደር ሚስቶች መካከል አፏን በመርፌ ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ደምሴ የሞተ ጊዜ አብራኝ ስታለቅስ ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም። ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ እስካሁን አላውቅም፤ ስለደበቀችኝ ይሆናል። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ድንኳኑ ይተከልልሻል» አልኳትና ተነስቼ ወጣሁ።

እድሩ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ብዙነሽ ባሏ ከደምሴ በኋላ እዚያው ሰሜን የሞተ ሴት ናት፤ ተነስታ ቆመች።

«በባሎቻችን ሸራ? ለገዳዮቻቸው? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

«መዝገቡ ልጅ የሞተበት ይላል» አልኩ። «የት የሞተ አይልም። ማንን የተኮሰ አይልም።»

«አስካለ» አሉ ጋሽ ሸምሱ ቆባቸውን እያወለቁ፣ «ሕጉን የጻፍኩት እኔ እኮ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ያላሰቡትን ዛሬ አይጨምሩበት።»

«አንቺስ?» አለችኝ ብዙነሽ እያለቀሰች። «ደምሴ ምን ይልሻል?»

«መዝገቡን አንብቢ ይለኛል።»

አዴ ጡሜ የእድሩ አባል አልነበረችም፤ ወተት ልታደርስ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። «ማን ነው የሞተው?» አለች። ነገርናት። «ታዲያ እናት አለው አይደል? ይኸው ናት። ምኑ ነው የሚያከራክራችሁ?» ብላ ወተቷን አስቀምጣ ሄደች።

ድንኳኑ ተተከለ። ሰው መጣ፤ የማይመጣውም ጋሽ ሸምሱ ስለሚቆጡት መጣ። ብዙነሽ ሦስተኛው ቀን ላይ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታን ጥግ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ያ የቦረና ነፋስ ተነሳና፣ ቀዩ አቧራ፣ ድንኳኑን ከግራ በኩል ቀደደው። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ውኃ እንኳ በሰው እጅ ነው የሚጠጣው። ለተኪዳን ግን ተነስታ ሄዳ መርፌና ቁራጭ ሸራ አመጣች፤ ክሩ የመኮንኖች ማዕረግ ስትሰፋበት የቀራት ቀይ ክር ነው። ተዪ አልናት፤ አልሰማችም። ነፋሱ ሸራውን ከእጇ ሲነጥቃት ብዙነሽ ከጥጓ ተነስታ መጣችና ጫፉን ወጥራ ያዘችላት። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ያኔ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር መነጋገር ጀመርን፤ በረንዳው ላይ፣ እሷ መኪናዋን እየረገጠች። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ቅኝ ግዛት ሲሉኝ የማውቀው ጣሊያንን ነው። ለተኪዳን ‹ቅኝ ገዛችሁን› ስትል ደሜ ይፈላ ነበር።

«ማነው የገዛሽ? ደምሴ ነው? ደምሴ ከአስመራ ያመጣልኝ አንድ ነጠላ ጫማ ነው፤ እሱም ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ ተገኘ! እንዲህ ያለ ገዢ አለ?»

ሳቀች። ለተኪዳን ስትስቅ መርፌው ከከንፈሯ ይወድቅና አብረን መሬት ለመሬት እንፈልጋለን። «ደምሴ አይደለም» አለች ስናገኘው። «ደምሴንም ላኩት እንጂ ማን ጠየቀው? አባቴን ጣሊያን ወታደር አድርጎ ሊቢያ ላከው፤ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ይበቃሃል ብሎ ከትምህርት ያስወጣው ጣሊያን ነው። ጣሊያን ሄደ፣ እንግሊዝ መጣ። ከዚያ ከእናንተ ጋር በውል እንኑር ተባለ፤ የራሳችን ባንዲራ፣ የራሳችን ሸንጎ፣ የራሳችን ቋንቋ። ባንዲራው አንድ ቀን ወረደ። ሸንጎው ተዘጋ። ክፍሎም ትምህርት ቤት በትግርኛ ጓደኛውን እርሳስ ስጠኝ ስላለ በጥፊ ተመትቶ መጣ። ያኔ ዝም በል አልኩት። ቀጥሎ የእናቴ መንደር ተቃጠለ። ያኔ ዝም በል የምለው ልጅ አልነበረኝም፤ ሄዷል።»

«እኛስ አልተመታንም?» አልኩ። «እኔ በአማርኛ እያወራሁም አልተመታሁም? ደምሴንስ ከሰላሌ አንስቶ የወሰደው ማን ነው? ያው ድሃ ነው ድሃን የገደለው።»

«እውነትሽን ነው። ግን ውሉን ያፈረሰው አንድ ወገን ነው።»

በውል ከሆነ፣ ውል ካፈረሱ፣ ያፈረሰ ያፈረሰ ነው። ይሄንን ማመን አልፈለግሁም፤ ባሌን ለምን እንደሞተ የምነግረው ነገር ያሳጣኛል። ብቻ አዴ ጡሜ ጣሳዋን እያጠበች ትሰማን ነበርና ድንገት፣ «ይሄ ካምፕ የአባቴ ከብት ውኃ መውረጃ ነበር» አለች። «እኔንም የጠየቀኝ የለም።» ከሰላሌ የመጣሁት እኔም፣ ከኤርትራ የመጣችው እሷም፣ በሰው ውኃ መውረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንከራከረው።

የድምፅ መስጫው ጊዜ ሲደርስ፣ በየአገሩ ያሉ ኤርትራውያን ነፃ አገር እንሁን አንሁን ብለው ድምፅ ይስጡ ተባለ። ጣቢያው ሩቅ ነበር፤ በክብረ መንግሥት አድርጎ የሚኬድ የሁለት ቀን መንገድ። መንገዱ ላይ ከካምፕ የተበተነ ሽፍታ አለ። «ብቻሽን አትሄጂም» አልኳት። «አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ። «ጡረታዬን ልታስፈጽሚ አልሄድሽም? ተራዬ ነው።» እንዲህ ነኝ፤ ተራ ከሆነ ተራ ነው። ፌስታሉን እኔ ያዝኩላት። ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ነጠላቸውን የለበሱ እናቶች፣ ከረባት ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ እንደ ጥምቀት የለበሱ ልጆች። እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ቆየሁ። ከበሮ መጣ፤ በክብ እየዞሩ መጨፈር ጀመሩ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እጄን ይዛ ወደ ክቡ ሳበችኝ። እነሱን መስዬአት ነው። የሃምሳ አለቃ ደምሴ ሚስት፣ ትከሻዬን እያነቃነቅሁ፣ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። እምቢ ብል ለተኪዳንን ያስወቅሳታል ብዬ ነው። ከበሮው ደስ አይልም ነበር ካልኩ ደግሞ ውሸት ነው።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ጥሩ ነበሩ ማለት እችላለሁ። ነገሌ ውስጥ ለተኪዳንን የሌላ አገር ሰው ናት ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሷም ያሰበች አይመስለኝም። አገሬ ነፃ ወጣ አለች፣ እዚሁ ተቀመጠች። ለምን አትሄጂም ስላት «የማውቀው ሰው ሁሉ እዚህ ነው፤ ክፍሎምንም ያለቀስኩት እዚህ ነው» አለችኝ። የቦንዳ ልብስ ገብቶ ስፌት ቀነሰ፣ ልጆች ጅንስ ለበሱ፣ ጋሽ ሸምሱ ቴፑን በትልቅ ቀየሩ። እንዲህ እያልን እያለ ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉና ጦርነት ተነሳ። ሬዲዮው ቋንቋው በአንድ ሳምንት ተቀየረ። ነገሌም ካምፑ እንደገና በአዲስ ወታደር ሞላ።

አንድ ጧት ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች በረንዳው ላይ መጡ። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ትሕትናቸው ግን መልካም ነበር፣ አንቱ ነው ያሏት። ለተኪዳን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፣ መርፌ በከንፈሯ። እኔ ቁልፍ እየተከልኩላት ነበር።

«ወይዘሮ ለተኪዳን፣ ያኔ በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ተሳትፈዋል?»

እሷ ከመመለሷ በፊት ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ውስጥ ወጡ። «ማን? ይቺ? ይቺ ሴትዮ ከዚህ በረንዳ ተነስታ የትም ሄዳ አታውቅም! ሻኪሶን እንኳ አታውቅም። መኪና ያስታውካታል። ወላሂ!»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳው። ሊዘጋው ነበር፤ አየሁት፣ ክዳኑን በእጁ ይዞ ነበር።

እኔ ግን ውሸት ስሰማ ቆዳዬን ይበላኛል። ደግሞ የሚደበቅ ምን ሠራች? በአዋጅ የተጠራ፣ በሠልፍ የተሰጠ ድምፅ ነው። ሰርቃ እንደሄደች ለምን ይነገራል? «ጋሽ ሸምሱ፣ ለምን ይምላሉ?» አልኩ። «ልጆቼ፣ ይቺ ሴት በድብቅ የሠራችው ነገር የለም። ሄዳ ድምፅዋን ሰጥታለች። መንግሥት ስጡ ብሎ ነው። በሰላም ሄዳ በሰላም ተመለሰች፤ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ምስክር ሆንኩላት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሰውዬው ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ስሜንም ጠየቀኝ፤ እነግረዋለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ እስከ አያቴ ስም ነገርኩት። ሲሄዱ ጋሽ ሸምሱ አላዩኝም፤ ሱቁ ውስጥ ገብተው ቴፑን ዘጉት። «አስካለ» አሉ ከውስጥ፣ «አንደበትሽ ይቆረጥ።» ከዚያ በፊት ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ለተኪዳን መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ዩኒፎርሙ ላይ ሰካችው። ገና ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ የሰጠችው ድምፅ የሌላ አገር ዜጋ አድርጓታል ተብሎ ወደ ኤርትራ ልትባረር ነው፤ ምስክሩም እኔ ሆንኩ።

በማግሥቱ ሊወስዷት መጡ። አንድ ቦርሳ ተፈቀደላት። ቀሚስ ላይ ቀሚስ፣ ሦስት ደርባ ለበሰች፤ ከሁሉም በላይ የአበባውን። አውቶቡሱ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ብዙነሽ ዳቦ በፌስታል አመጣች፣ አዴ ጡሜ «ናጋን ዴቢ» እያለች፣ በሰላም ተመለሽ እያለች፣ ልቅቅ ብላ አለቀሰች። እኔ በሰው መሀል ገፍቼ ሄጄ እጇን ያዝኩ።

«አንቺ» አለችኝ፣ «ሐሰት አታውቂም።»

ፈገግ ብላ ነው ወይስ ከንፈሯ ተንቀጥቅጦ ነው፣ መስታወቱ ላይ ያለው ፀሐይ አላሳየኝም። ሙገሳ ነው ወይስ ፍርድ? ከሃያ ዓመት በላይ ያንን አንድ ቃል እንደ ቁልፍ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ፤ በየትኛውም በኩል በር አይከፍትልኝም። እኔ ባልናገርስ ኖሮ ሌላ ሰው ይነግራቸው ነበር የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ።

ስልክ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ። በየወሩ ስም ሲጠራ ‹መንገድ ላይ ናት› እላለሁ፤ እኔን ፈርተው አለፉት። ልጆቻችን አደጉ፣ ብዙነሽ ሞተች፣ አዴ ጡሜ ሞተች፤ ለብዙነሽ ይህንኑ ድንኳን ስተክል ልጥፉን በራሷ በኩል አደረግሁት። ከዚያ ከስንት ዘመን በኋላ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ ተባለ፤ ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ በደስታ ያለቅስ ነበር። የጋሽ ሸምሱ ልጅ አዲስ አበባ አፈላልጎ ቁጥር ላከልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የምለውን ተለማመድኩ። ቀትር ላይ፣ በልጅ ልጄ ስልክ፣ ደወልኩ። ያነሳችው ትንሽ ልጅ ናት፤ አማርኛ አታውቅም።

«ለተኪዳን አለች? ለተኪዳን!» አልኩ እየጮህኩ።

«ዓባየይ? ዓሪፋ» አለች ልጅቷ፤ ዓባየይ እነሱ ዘንድ አያትም፣ ያከበሯት አሮጊትም ናት።

«ምን? ተኝታ ነው?»

«ዓሪፋ፣ ዓሪፋ።»

ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፣ አልጠራም። ከዚያ ወዲህም ነገሩ ተመልሶ ተበላሸ፤ ቁጥሩ ጨርሶ አይገባም። ዓሪፋ። በእኛም አረፈች ይባላል፤ ከድካሟ ጋደም ያለችም አርፋለች፣ የሞተችም አርፋለች። ትግርኛ የሚያውቅ ሰው ነገሌ አይጠፋም፤ ሄዶ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ እውነቱን ንገሩኝ ስል የኖርኩ ሴት፣ እሱን አንዱን አልጠየቅሁም።

«ወይዘሮ አስካለ» አለች ዲራሙ።

«አለሁ።»

«ወይዘሮ ለተኪዳን።»

ወጣቶቹ ይህቺ ማናት ብለው ተያዩ። ጋሽ ሸምሱ አሁን ዓይናቸው ፈዝዟል፤ ግንቡ ሥር ባለው ወንበር ላይ በከዘራ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አዞሩ።

«እማማ» አለች ዲራሙ ቀስ ብላ፣ «እኚህ ሴት በሕይወት አሉ? የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ከሞቱ ሕጉ ስለሚል ድንኳን እንተክላለን። ካልታወቀ ግን ልጽፋቸው አልችልም።» እስክሪብቶውን ይዛ ትጠብቃለች። የድሮው መዝገብ ግራ እጇ ሥር፣ አዲሱ ቀኝ እጇ ሥር።

ልጥፉን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አለች» አልኩ።

«አነጋግረዋቸዋል?»

«ደውዬ ነበር። ቀትር ላይ ነው፤ አርፋ ነበር።»

ዲራሙ አመነታች። አስተዋይ ልጅ ናት፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ያየች ይመስለኛል። ያኔ ጋሽ ሸምሱ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ አንኳኩ።

«ጻፊ እንጂ ልጄ! እኔም ስልኩ ላይ ነበርኩ። ድምፅዋን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወላሂ!»

እዚያ አልነበሩም። ዲራሙ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ ከእኔ ስም ቀጥሎ። በዚህ ጊዜ አላረምኳቸውም።